ከባሕር ዳር ጎዴ ስንት ሰዓት ነው? የአየር ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን በራስ የማስላት ዘዴ

እህቴ ወደ ጎዴ የተመደበች ጊዜ፣ ደጀን ያለችው እናታችን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ስልኬን አወጣሁ። የሁለት ኤርፖርት ስም ሲሰጡት ርቀትና ሰዓት የሚናገር አንድ ድረ ገጽ አገኘሁ። ባሕር ዳር ብዬ፣ ጎዴ ብዬ አስገባሁ። ሁለት ሰዓት ገደማ አለኝ። እኔም አምኜ «ሁለት ሰዓት ነው እማዬ፤ ደብረ ማርቆስ ደርሶ እንደመመለስ ነው» አልኳት።

እህቴ በጉዞዋ ቀን ባሕር ዳር ካለው ቤቷ ከጠዋቱ 12:20 ወጣች። 3 ሰዓት ላይ እናቴ ደወለችልኝ። 5 ሰዓት ላይ እናቴ ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። 7 ሰዓት ላይ እኔም ፈራሁ። ልጅቷ ከቀኑ 9:20 ጎዴ ማረፊያዋ ገብታ ደወለች። ምንም አልሆነችም። ስልኳ ቦሌ ላይ ባትሪ ጨርሶባት ነው። ርቧት ነበር እንጂ።

ድረ ገጹ አልዋሸም። ከባሕር ዳር ጎዴ ቀጥታ መስመር አሰመረ፣ መስመሩን ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፈለ፣ መልሱን ነገረኝ። በዚያ መስመር ላይ በየቀኑ የሚሄድ አውሮፕላን ይኑር አይኑር የእሱ ጣጣ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴ ነው የማሰላው። ዘዴው ቀላል ነው። የሥር ምልክት (√) ያለው የስልክ ካልኩሌተርና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ካልኩሌተራችሁ ላይ የሥር ምልክት ካልታየ ስልኩን አግድም አዙሩት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ያኔ ይወጣል።

1. ትክክለኛውን ኤርፖርት ለዩ

ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። እያንዳንዱ ኤርፖርት ባለ ሦስት ፊደል መለያ አለው። የባሕር ዳር ቢ-ጄ-አር ነው። የቦሌ ኤ-ዲ-ዲ። የአሶሳ ኤ-ኤስ-ኦ። አሁን ልብ በሉ፤ የጎዴ ጂ-ዲ-ኢ ነው፣ የጎንደር ደግሞ ጂ-ዲ-ኪው። በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። አንዷ ዋቢ ሸበሌ ዳር ናት፣ ሌላዋ ከጣና በላይ። ፍለጋው ላይ «ጂ-ዲ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ከሚመጣው ዝርዝር በችኮላ የመጀመሪያውን አትንኩ።

ስምም ያደናግራል። የባሕር ዳሩ ኤርፖርት ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው የሚጠራው፤ የጎንደሩ በአፄ ቴዎድሮስ። አንዳንድ የቆየ ዝርዝር ላይ ግን የከተማው ስም ብቻ ነው ያለው። የሦስት ፊደሉ መለያ ከሁሉም ይሻላል።

2. ኬክሮስና ኬንትሮሱን አውጡ

የስልክ ካርታ ክፈቱ። በሳተላይት እይታ አድርጉትና ኤርፖርቱን ፈልጉ። ማኮብኮቢያው እንደ ግራጫ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። መሀሉ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ። ምልክት ይተከላል፤ ሁለት ቁጥርም ይወጣል። ከተማው ላይ ሳይሆን ማኮብኮቢያው ላይ ተጫኑ፤ አንዳንድ ከተማ ከኤርፖርቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ላሊበላ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

የትኛው ቁጥር ኬክሮስ፣ የትኛው ኬንትሮስ እንደሆነ ከተምታታባችሁ ለአገራችን የሚሠራ አቋራጭ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ15 የሚያንሰው ቁጥር ኬክሮስ ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለንበትን ይናገራል። ከ30 የሚበልጠው ኬንትሮስ ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ሊጋጩ አይችሉም።

እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው፦

ባሕር ዳር፦ 11.61 እና 37.32
ቦሌ፦ 8.98 እና 38.80
ጎዴ፦ 5.94 እና 43.58
አሶሳ፦ 10.02 እና 34.59

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። እኔም ወድቄበታለሁ። አንዳንድ ቦታ ቁጥሩ በዲግሪና በደቂቃ ይጻፋል። ለባሕር ዳር «11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ 37 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ» ይላችኋል። ይህን 11.36 እና 37.19 ብላችሁ እንዳትጽፉት። ደቂቃው ከ60 ነው እንጂ ከ100 አይደለም። 36ን ለ60 ስታካፍሉ 0.60 ነው፤ 19ን ለ60 ስታካፍሉ 0.32። ያን ሳላደርግ የቀረሁ ቀን ኤርፖርቱን ከባሕር ዳር አንሥቼ መራዊ አጠገብ አሳርፌው ነበር።

3. ቀጥታውን ርቀት አስሉ

የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ360 ዲግሪ ስታካፍሉት አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ለኬክሮስ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቁጥር እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ የአንዱ ዲግሪ ስፋት ይጠብባል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጥበቱ ብዙ አይጎዳንም። ጎጃም ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም 110 ብላችሁ ያዙት። በአገር ውስጥ ጉዞ ስህተቱ ከ3 በመቶ አያልፍም። ስቶክሆልም ላለ ሰው ይህ አይሠራም፤ ለደጀን ሰው ይሠራል።

አሁን ባሕር ዳርንና ጎዴን እንውሰድ።

ኬክሮሶቹን አቀናንሱ፦ 11.61 ሲቀነስ 5.94 = 5.67።
ኬንትሮሶቹን አቀናንሱ፦ 43.58 ሲቀነስ 37.32 = 6.26።
እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፦ 32.15 እና 39.19።
ደምሩ፦ 71.34።
ሥሩን አውጡ፦ 8.45 ገደማ።
በ110 አባዙ፦ 929 ኪሎ ሜትር።

ስምንተኛ ክፍል «መቼ ይጠቅመኛል» ያልነው የፓይታጎረስ ነገር ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። አብራሪዎች በኖቲካል ማይል ነው የሚናገሩት፤ ኪሎ ሜትሩን ለ1.852 አካፍሉ። ወደ 500 ይመጣል።

መልሳችሁ ልክ መሆኑን የምታዩበት ቀላል መንገድም አለ። የአየር ርቀት ከመኪና መንገድ በልጦ አያውቅም። ከባሕር ዳር ቦሌ በዚሁ ዘዴ 332 ኪሎ ሜትር ነው። በደብረ ማርቆስ የሚሄደው አስፋልት 560 ገደማ ነው። ልክ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው ግን ጣናን በምሥራቅ ዞሮ 180 ያህል ይሄዳል። እናንተ ጋ የአየሩ ከአስፋልቱ በልጦ ከመጣ የሆነ ቦታ ቁጥር አሳስታችኋል።

4. አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄድበትን መንገድ ያዙ

ዋናው ነገር ይህ ነው። የአገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው ቦሌ ላይ ነው የሚቋጠረው። ከክልል ከተማ ወደ ክልል ከተማ የምትሄዱ ከሆነ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አዲስ አበባ ወርዳችሁ ሌላ አውሮፕላን ትይዛላችሁ። ስለዚህ አንድ መስመር ሳይሆን ሁለት መስመር ነው የምታሰሉት።

ባሕር ዳር–ቦሌ 332 ነው ብለናል። ቦሌ–ጎዴ በዚያው ዘዴ 623 ይመጣል። ድምሩ 955። ቀጥታው 929 ነበር። ልዩነቱ 26 ኪሎ ሜትር ብቻ! አዲስ አበባ በመስመሩ ላይ ማለት ይቻላል የተቀመጠችው።

አሁን ደግሞ አሶሳን እንየው። አሶሳ ለጎጃም ጎረቤት ናት፤ ከቻግኒ ወዲያ መተከልን ተሻግሮ ነው። ከባሕር ዳር ቀጥታው 348 ኪሎ ሜትር ነው። በቦሌ በኩል ግን 332 እና 477፤ ድምሩ 809። ከእጥፍ በላይ ሆነ። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ።

እስቲ ይህን አስቡት። ጎዴ ከባሕር ዳር ሲታይ ከአሶሳ ወደ ሦስት እጥፍ ይርቃል። አየር ላይ የምትቆዩት ግን፣ አሁን እንደምናየው፣ በሩብ ሰዓት እንኳ አይበልጥም። ድረ ገጹ ይህን አይነግራችሁም።

ትኬት ላይ ሌላም ነገር እዩ። አንዳንድ በረራ መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ነክቶ ያልፋል። «ቀጥታ» ተብሎ ተጽፎ አንድ ቦታ ሊያርፍ ይችላል፤ ከአውሮፕላን አትወርዱም እንጂ ታርፋላችሁ። እንዲህ ከሆነ ያችንም ከተማ በመስመራችሁ ውስጥ አስገቡ።

5. ርቀቱን ወደ ደቂቃ ለውጡ

ወደ ክልል ከተሞች በብዛት የሚበረው ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ግን ከደጅ እስከ ደጅ አይሄድም። መሬት ላይ ያኮበኩባል፣ ተነሥቶ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ተራ ጠብቆ ይዞራል።

የእኔ ስሌት ይህ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ600 አካፍሉ፣ በላዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ይህ ለእያንዳንዱ በረራ ነው፤ ሁለት በረራ ካለ ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ባሕር ዳር–ቦሌ፦ 33 ደቂቃ ሲደመር 30 = 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ።
ቦሌ–ጎዴ፦ 62 ሲደመር 30 = 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ።
ቦሌ–አሶሳ፦ 48 ሲደመር 30 = 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ።

ጎዴ በጠቅላላው 2:35፣ አሶሳ 2:21። ልዩነቱ 14 ደቂቃ። ጄት ከደረሳችሁ ፍጥነቱ ይበልጣል፤ እንዲህ ባለ አጭር መንገድ ግን ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ሳይደርስ መውረድ ስለሚጀምር የምታተርፉት ጥቂት ደቂቃ ነው። ነፋስም ሲሄዱና ሲመለሱ ጥቂት ደቂቃ ያወዛውዛል። አትጨነቁበት።

6. የትኬቱን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት መልሱ

ኢትዮጵያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰዓት ነው የምትጠቀመው። ባሕር ዳር 3 ሲሆን ጎዴም 3 ነው። ስለዚህ የሰዓት ልዩነት የለም። ጣጣው የሚመጣው ከትኬቱ ነው፤ ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ 24 ሰዓት ነው።

ስድስት ቀንሱ። 09:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። 13:05 ካለ ከቀኑ 7:05። ከ19:00 በላይ ከሆነ ስድስቱን ቀንሳችሁ ከዚያ ደግሞ 12 ቀንሱ፦ 20:30 ማለት ከምሽቱ 2:30 ነው። «07:00» የሚለውን አይቶ «7 ሰዓት ላይ ነኝ» ያለ፣ ምሳውን በልቶ ኤርፖርት የሄደ ሰው አውቃለሁ። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሄዷል።

ቀኑንም እዩ። የፈረንጅ ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «00:40» ብሎ ማክሰኞ ካለ፣ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ብዙ አይገጥማችሁም፤ ከቦሌ ውጭ አገር ለምትሄዱ ግን ይህች አንዲት መስመር ትኬት ታተርፋለች።

7. የመሬቱን ሰዓት ደምሩ

የእህቴን ቀን በዚህ ስሌት መልሼ ሠራሁት።

ከቤት እስከ ባሕር ዳር ኤርፖርት፣ ባጃጅ መጠበቁን ጨምሮ፦ 40 ደቂቃ።
ፍተሻ፣ ቼክ ኢን፣ መጠበቅ፦ 2 ሰዓት።
ወደ ቦሌ፦ 1:03።
ቦሌ ላይ ትራንዚት፦ 3 ሰዓት።
ወደ ጎዴ፦ 1:32።
ሻንጣ መቀበልና ወደ ከተማ መግባት፦ 45 ደቂቃ።

ጠቅላላ 9 ሰዓት። ከ12:20 እስከ 9:20። 929 ኪሎ ሜትሩን ለ9 ብታካፍሉት በሰዓት 103 ኪሎ ሜትር ነው። የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ሜዳ ሲያገኝ ከዚህ ብዙም አይዘገይም።

ከዚህ ሁሉ የእናንተ እጅ ያለበት ትራንዚቱ ላይ ነው። ትኬት ስትቆርጡ የመጀመሪያውን በረራ ሰዓት ብቻ አትዩ። ሁለተኛው ስንት ላይ እንደሚነሣ እዩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ከሆነ እኔ አልወስደውም፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጣል። ከአምስት ሰዓት በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ሞክሩ። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ። ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ሲያመልጣችሁ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ደግሞ ወደ ሩቅ ከተሞች በረራው በየቀኑ ላይኖር ይችላል። የሳምንቱን ቀን ሳታረጋግጡ የሥራ መጀመሪያ ቀን አትቁረጡ።

በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብዳል። የጠዋት በረራ ካለ እሱን ምረጡ። ክረምት ላይ ስሌታችሁ ላይ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ብትጨምሩ አይከፋም።

እግረ መንገዴን፦ ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ፍተሻ ላይ ሊያስቀሯችሁ ይችላሉ፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በደንብ ታሽጎ ይግባ። ጎዴ የምትሄዱ ከሆነ ጋቢውንም አውሮፕላን ውስጥ አጣጥፉት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎዴ 300 እንኳ አትሞላም። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ለፊት ነው የሚቀበላችሁ።

8. ቅርቡ ኤርፖርት የግድ የሚሻለው አይደለም

ካርታ ላይ ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ በማስመሪያ መስመር ሳቡ። መስመሩ የጮቄን ተራራ ይነካል፣ ደጀን አናት ላይ ያልፋል፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። አስፋልቱ ግን በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል እንደ ቀስት ጎብጦ ነው የሚመጣው።

እናቴ ደጀን ናት። «የጎጃም ሰው ከባሕር ዳር ነው የሚበር» ብላ ታስባለች። ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ትነዳለች፤ ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍራ ተመልሳ በገዛ ቤቷ ጣራ አጠገብ ታልፋለች። ከደጀን አዲስ አበባ ግን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ያዘገያል፤ ያም ሆኖ አንድ በረራና አንድ ትራንዚት ይቀርላታል።

ስለዚህ ከየት እንደምትነሡ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም አስሉ። ለዳንግላ፣ ለእንጅባራ፣ ለአዴት ሰው ባሕር ዳር ይሻላል። ለደጀንና ለብቸና ሰው ቦሌ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መሀል ላይ ናቸው፤ እነሱን የሚወስነው የዕለቱ የትራንዚት ሰዓት ነው። በሁሉም በኩል መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሣት በፊት ሹፌሮቹን መጠየቅ ነው።

ጥር ላይ እናቴ ልጇን ልትጠይቅ ተነሣች። ቁጭ ብዬ በወረቀት ሠራሁላት። አንደኛው ቀን ከደጀን አዲስ አበባ፣ እዚያ ዘመድ ቤት ማደር፤ በማግሥቱ ጠዋት ቦሌ፣ ከቀትር በፊት ጎዴ። «እማዬ፣ ሁለት ቀን ያዢ» አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። «መጀመሪያ ሁለት ሰዓት አልከኝ። አሁን ሁለት ቀን አልከኝ። ለመሆኑ ያንን ስልክ በስንት ነው የገዛኸው?»